የማሞ ወልዴ ዕድሜ

 

ትልቅ ውድድር ሲቃረብ አንድ የማይቀር ጨዋታ አለን። ከውድድሩ በፊት ያለውን ክርክር ማለቴ ነው። ሮቤ ሻይ ቤት ተቀመጡ፣ ወይም ከጎባ ሮቤ በሚመላለሰው ሚኒባስ ተሳፈሩ፤ አንዱ ስልኩን ያወጣና የሻምፒዮኑን የልደት ዓመት ቆጥሮ ፍርዱን ይሰጣል። አርጅቷል፣ ጊዜው አልፏል ይላል። ሌላው ደግሞ ልምድ የሚባል ነገር አለ ብሎ ይነሳበታል። ሻዩ ይቀዘቅዛል፣ ክርክሩ ይግላል።

እ.ኤ.አ. በ2024 የክርክሩ ርዕስ ቀነኒሳ በቀለ ነበር። ቀነኒሳ የጎረቤታችን የአርሲ፣ የበቆጂ ልጅ ስለሆነ እኛ ባሌዎች ነገሩን እንደ ቤት ጉዳይ ነው የያዝነው። ሚያዝያ ላይ በ41 ዓመቱ የለንደን ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰ። አላረጀም ሲሉ የነበሩት ተደሰቱ። ነሐሴ ላይ በ42 ዓመቱ ፓሪስ ኦሎምፒክ ገብቶ 39ኛ ወጣ። አርጅቷል ሲሉ የነበሩትም በተራቸው ተነሱ። በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለቱም ወገኖች ማስረጃ አገኙ። ወርቁን ያመጣው ግን መጀመሪያ ላይ በተጠባባቂነት የተያዘው ታምራት ቶላ ነበር፤ ከሻይ ቤቱ ተከራካሪዎች ስንቶቻችን ስሙን አንስተን ነበር?

ቦክስ የሚወዱ ወንድሞች ደግሞ ሙሐመድ ዐሊን ይጠቅሳሉ። እውነት አላቸው፤ ይህ ክርክር እንደ ቦክስ የሚከብድበት ቦታ የለም። ሯጭ ቢያረጅ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ቦክሰኛ ቢያረጅ ይደበደባል። እ.ኤ.አ. በ1974 ዐሊ በ32 ዓመቱ ኪንሻሳ ሲገባ ብዙዎች ደምድመው ነበር። ቬትናም አልዘምትም ብሎ ከሦስት ዓመት በላይ ከሪንግ ታግዷል። ጆ ፍሬዚየርና ኬን ኖርተን አሸንፈውታል። ተጋጣሚው ጆርጅ ፎርማን ደግሞ ገና 25 ዓመቱ ነው፤ ፍሬዚየርንም ኖርተንንም እያንዳንዳቸውን በሁለት ዙር ጨርሷቸዋል። ሒሳቡ ግልጽ ይመስል ነበር። ዐሊ በስምንተኛው ዙር ፎርማንን ጣለው። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ38 ዓመቱ፣ ላስ ቬጋስ ላይ ከላሪ ሆልምስ ጋር ሲገጥም ያው ክርክር ተነሳ፤ ኪንሻሳን ያስታወሰ ሁሉ ዐሊን ማን ይችለዋል አለ። ያን ቀን ግን ዐሊ አሥር ዙር ሙሉ ተመታ፣ አሰልጣኙም ግጥሚያውን አስቆመ። ያ በ25 ዓመቱ የወደቀው ፎርማንስ? እ.ኤ.አ. በ1994 ዓ.ም. ማይክል ሙረርን ጥሎ እንደገና የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። 45 ዓመቱ ነበር።

እንግዲህ ዕድሜ ቆጥሮ መፍረድ ምን ያህል ያስኬዳል? ይህን ጥያቄ ይዤ ዛሬ ላወራችሁ የፈለግሁት ስለ አንድ የአገራችን ሰው ሕይወት ነው። ስሙን ሁላችንም እናውቃለን፤ ታሪኩን ግን ከአበበ ቢቂላ ጥላ አውጥቶ ለብቻው ያየው ብዙ አይደለም።

ማሞ ወልዴ ሰኔ 5 ቀን 1924 ዓ.ም. ድሬ ጂሌ በምትባል መንደር ከኦሮሞ ቤተሰብ ተወለደ። ቤተሰቡ ያወጣለት ስም ደጋጋ ነው። አዲስ አበባ መጥቶ ክብር ዘበኛ ገባ፤ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይም ከኢትዮጵያ ጦር ጋር ኮሪያ ሄዶ አገልግሏል። ከእሱ ሁለት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ፣ በዚያው ዓመት ነሐሴ 1 ቀን፣ በሌላ የሸዋ ገጠር ሌላ ልጅ ተወልዷል። እሱም አድጎ ክብር ዘበኛ ገባ፣ እሱም ሯጭ ሆነ። አበበ ቢቂላ ነው። ሁለቱ የአንድ ክረምት ልጆች መሆናቸውን አጥብቃችሁ ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ የገባችው በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ነው። ማሞ ከዚያ ቡድን አንዱ ነበር። የሮጠው ግን 800 ሜትር፣ 1,500 ሜትርና የዱላ ቅብብል ነው። በ24 ዓመቱ፣ ሰው ሙሉ ጉልበት አለው በሚባልበት ዕድሜ፣ ማጣሪያውን እንኳ ሳያልፍ ተመለሰ። አራት ዓመት ቆይቶ የሮም ኦሎምፒክ መጣ፤ ማሞ እዚያ አልነበረም። ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. አበበ በባዶ እግሩ የሮምን ጎዳና ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ዓለምን አስደነቀ። እኩያው በዓለም ሬዲዮ ስሙ ሲጠራ ማሞ የሚጠራበት ነገር አልነበረውም።

ቶኪዮ ላይ፣ በ1957 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ሁለቱም ነበሩ። 32 ዓመታቸው ነው። ማሞ በ10,000 ሜትር አራተኛ ወጣ። አራተኛነት እንዴት ያለ ደረጃ እንደሆነ የገባው ያውቀዋል፤ ሜዳሊያውን በዓይንህ አይተህ ባዶ እጅህን ትመለሳለህ። ማራቶኑንም ጀምሮ ነበር፤ መንገድ ላይ አቋረጠ። አበበ ግን ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ሳምንታት ብቻ ተቆጥረው በዓለም ክብረ ወሰን አሸነፈ።

አሁን ራሳችሁን ሻይ ቤቱ ውስጥ አስቀምጡና ፍረዱ። ዓመቱ 1961 ዓ.ም. ነው፣ የሜክሲኮ ኦሎምፒክ ሊጀመር ነው። ማሞ 36 ዓመቱ ነው። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድም የኦሎምፒክ ሜዳሊያ የለውም። በኦሎምፒክ የጀመረውን አንዱን ማራቶን አልጨረሰም። ምን ትሉ ነበር? እኔ በቦታው ብኖር ምን እንደምል አውቃለሁ።

ስለ ማሞ ያን ያህል የሚከራከር ሰውም አልነበረም። የዓለም ዓይን አበበ ላይ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ያሸነፈው ሰው ሦስተኛውን ይደግማል ወይስ አይደግምም ነው ጥያቄው። አበበም 36 ዓመቱ ነው። ከውድድሩ ወራት በፊት የግራ እግሩ ያመው ጀምሮ ነበር፤ በኋላ ሲመረመር አጥንቱ ላይ ስንጥቅ ተገኘበት። ሐኪሙ እስከ ውድድሩ ቀን እንዲያርፍ መከረው።

ሜክሲኮ ሲቲ ከባሕር ወለል በላይ 2,240 ሜትር ላይ ያለች ከተማ ናት። ለብዙ የአውሮፓ ሯጮች አየሩ መከራ ነበር። እዚህ ላይ ፈገግ ማለት ይቻላል፤ የሮቤ ሰው 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ፣ የጎባ ሰው ከዚያም ከፍ ብሎ ነው ጠዋት ተነስቶ ወደ ሥራው የሚሄደው። ሳነቴ ላይ ከብት የሚጠብቅ ልጅማ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው የሚሯሯጠው። ለአበበና ለማሞም የሜክሲኮ አየር እንግዳ አልነበረም።

ጥቅምት 3 ቀን የ10,000 ሜትር ፍጻሜ ተካሄደ። ማሞ በመጨረሻው ዙር መርቶ ነበር። መስመሩ ሲቀርብ የ23 ዓመቱ ኬንያዊ ናፍታሊ ቴሙ አለፈው። በመካከላቸው የነበረው ልዩነት ስድስት አስረኛ ሰከንድ ብቻ ነው። ሦስተኛ የወጣው የቱኒዚያው ሙሐመድ ጋሙዲ ነበር። የማሞ የመጀመሪያ ሜዳሊያ ብር ሆነች። የሻይ ቤቱ ሰው ቢኖር እዚህ ላይ ምን እንደሚል አስቡት፦ አየህ፣ ወጣቱ በጉልበት አለፈው፣ ዕድሜ ነው።

ከሳምንት በኋላ፣ ጥቅምት 10 ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ማራቶኑ ተጀመረ። አበበ የታመመ እግሩን ይዞ ከመሪዎቹ ጋር ሮጠ። 17ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ግን እግሩ እምቢ አለው። ማሞ ኋላ እንደተናገረው፣ አበበ ሊያቋርጥ ሲል ጠርቶት እሱ እንደማይጨርስ፣ ድሉ ግን የማሞ እንደሆነ ነገረው፤ እንዳያሳፍረውም አደራ አለው። ሻምበሉ ለመቶ አለቃው የሰጠው ትእዛዝም፣ ወንድም ለወንድሙ የሰጠው አደራም ነበር።

እዚህች ቦታ ላይ ቆም ብላችሁ አበበን ተመልከቱት። ሁለት የኦሎምፒክ ማራቶን በተከታታይ በማሸነፍ የመጀመሪያው ሰው ነው። ካሜራው ሁሉ እሱ ላይ ነው። እንደዚህ ያለ ሰው ሲያቅተው ብዙ ጊዜ ሁለት ነገር ያደርጋል፤ ወይ ክብሬ ብሎ እግሩ እስኪሰበር ይሮጣል፣ ወይ ከወጣ በኋላ ሌላው እንዳያሸንፍ በልቡ ይመኛል። ሐሰድ የሚባለው በሽታ የሚገባው እዚህ ነው። አበበ ቆመ፣ ቦታውን ለእኩያው ለቀቀለት። ወርቁ ባይኖርበትም ለእኔ ይህ ከሮሙ ድል አያንስም።

ማሞ ሄደ። በ10,000 ሜትር ያሸነፈው ቴሙ ከፊት ነበር፤ 30ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ማሞ አለፈው። ከዚያ በኋላ ያየው ሰው የለም። ወደ ስታዲየም ብቻውን ገባ፤ 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ። ሁለተኛ የወጣው ጃፓናዊው ኬንጂ ኪሚሃራ ከሦስት ደቂቃ በላይ ዘግይቶ ደረሰ። ቴሙ 19ኛ ሆነ። ኢትዮጵያ ማራቶንን ለሦስተኛ ተከታታይ ጊዜ አሸነፈች። በኦሎምፒክ ማራቶን ካሸነፉ ሰዎች ሁሉ በዕድሜ ትልቁ የሚለው ስምም የማሞ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1984 ፖርቱጋላዊው ካርሎስ ሎፔዝ በ37 ዓመቱ እስኪወስድበት ድረስ ከእሱ ጋር ቆየ።

ቶኪዮ ላይ ማሞ አቋረጠ፣ አበበ አሸነፈ። ሜክሲኮ ላይ አበበ አቋረጠ፣ ማሞ አሸነፈ። እና ሁለቱም በአንድ ክረምት የተወለዱ ናቸው። እንዲያውም የሚበልጠው ማሞ ነው። ሜክሲኮ ላይ ያቋረጠውን አይቶ ዕድሜው ነው ያለ ሰው፣ ከእሱ በሁለት ወር የሚበልጠው ሰው ወርቅ ሲያጠልቅ ምን ይበል?

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አምስት ነገሮች ሳይመጡ በአምስት ነገሮች እንድንጠቀም የመከሩበትን ሐዲስ ከኹጥባ ያልሰማ የለም። ወጣትነት ከእርጅና በፊት አለበት፤ ጤናም ከበሽታ በፊት አለበት፤ የቀሩትን ሦስቱን ታውቋቸዋላችሁ። መድረሳ ሳለን እንደማንኛውም ደረሳ በቃላችን ያዝነው። እኔን የገረመኝ ግን ቆይቶ ነው፦ እርጅናና በሽታ እዚያ ውስጥ ለየብቻ ተቆጥረዋል። እኛ አንድ እናደርጋቸዋለን። አንድ ሰው ሲደክም ዓመቱን ቆጥረን ደረሰበት እንላለን እንጂ ምን አመመህ ብለን አንጠይቅም። አበበን ያስቆመው የተሰነጠቀ አጥንት ነው። ዐሊንም ላስ ቬጋስ ላይ ያየው ሰው 38 ዓመቱን ብቻ ቆጥሮ ከሆነ ብዙ ነገር አምልጦታል፤ ዐሊ ፓርኪንሰን እንዳለበት ከግጥሚያው አራት ዓመት በኋላ ታወቀ።

ሌላም ነገር አለ። ይህ ሐዲስ የሚመክረው የራሳችንን ወጣትነት እንድንጠቀምበት ነው። ሌላውን ሰው አርጅተሃል ብለን እንድንጥለው ማስረጃ አይሆንም። ከዐስር ሶላት በኋላ በየመድረሳው ከልጆች ጎን ተቀምጠው አሊፍ ባ የሚቆጥሩ አባቶች አሉ። ዕድሜ ልካቸውን አርሰው፣ ስንዴና ገብስ አምርተው፣ ልጅ አሳድገው ገና አሁን ጊዜ ያገኙ ናቸው። ልጆቹ አንዳንዴ ይስቃሉ፤ እሱ ምንም አይደለም፣ ልጆች ናቸው። የሚከፋኝ የአርባ ዓመት ሰው አይቷቸው አሁን ምን ያደርግላቸዋል ሲል ነው። አቡ አዩብ አል-አንሷሪ (ረ.ዐ) ሸምግለው፣ ቤት ቢቀመጡ ማንም የማይወቅሳቸው ሰው ሆነው ሳለ ነው እስከ ቁስጥንጥንያ የዘመቱት። እዚያው ሞቱ፤ መቃብራቸውም ዛሬ ኢስታንቡል ነው።

ወደ ማሞ እንመለስ።

ከሜክሲኮ ከተመለሱ ብዙም ሳይቆይ፣ መጋቢት 1961 ዓ.ም.፣ አበበ ሸኖ አካባቢ መኪናው ተገለበጠችና ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። ከወራት በፊት የዓለም ሕዝብ እግሩን ሲመለከት የነበረ ሰው በተሽከርካሪ ወንበር ቀረ። ማሞ መሮጡን ቀጠለ። ወደ ሙኒክ ኦሎምፒክ ሲሄድ 40 ዓመቱ ነበር። ሠላሳ ስድስት ላይ አርጅቷል የሚል ሰው አርባ ላይ ምን ይላል? እዚህ ላይ ከሳሹን ብዙ አልወቅሰውም። አርባ ዓመት ሞልቶት ከሃያ አምስት ዓመት ልጅ ጋር 42 ኪሎ ሜትር ልሩጥ የሚል ሰው መንደራችን ቢመጣ እኛም ዘመዶቹን ጠርተን እናስመክረው ነበር።

ውድድሩ የተካሄደው ጳጉሜ 5 ቀን 1964 ዓ.ም.፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ ነው። አበበ በክብር እንግድነት ተጠርቶ በተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ ሆኖ እዚያው ሙኒክ ነበር። አሜሪካዊው ፍራንክ ሾርተር አሸነፈ፣ ቤልጅየማዊው ካረል ሊስሞንት ሁለተኛ፣ ማሞ ሦስተኛ ወጣ። ማሞ በዚህ ነሐስ አልተደሰተም፤ ኃላፊዎች ያስገደዱኝ ጫማ ልኬ አልነበረም ሲል ኋላ አማርሯል። አርባ ዓመት ሆኖት፣ የዓለም ሦስተኛ ሆኖ፣ በሦስተኝነቱ የሚቆጭ ሰው ነበር እንግዲህ። ከአበበ ቀጥሎ በሁለት ተከታታይ ኦሎምፒኮች የማራቶን ሜዳሊያ ያገኘ ሁለተኛው ሰው እሱ ነው።

ስለ ሰዓቱ ግን ዝም ብዬ አላልፍም። ማሞ ሙኒክ ላይ የገባው በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ8 ሰከንድ ነው። አበበ ሮም ላይ ዓለምን ያስደነቀበትን ሰዓት ከላይ ጽፌላችኋለሁ፤ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ። ሮምም ሙኒክም ጳጉሜ 5 ናቸው፤ በመካከላቸው አሥራ ሁለት ዓመት አለ። አበበ ያን ጊዜ 28 ዓመቱ ነበር። የ40 ዓመቱ ማሞ፣ ጫማው እየጠበበውም ይሁን እየሰፋው፣ ከዚያ ሰዓት በስምንት ሰከንድ ፈጠነ። መንገዱ ሌላ ነው፣ አየሩ ሌላ ነው፣ ሮም ላይ ጫማ አልነበረም፤ ስለዚህ ማን ይበልጣል ወደሚለው አልገባም። ግን ጊዜው አልፏል የሚለው ፍርድ ይህን ስምንት ሰከንድ ምን እንደሚያደርገው ተከራካሪዎች ይንገሩን። ማሞ የተሸነፈው ማራቶን የሚሮጡ ሰዎች በአጠቃላይ ስለፈጠኑ ነው። እሱ ራሱ አልዘገየም።

ከሙኒክ ወራት ብቻ ቆይቶ በዚያው በ1965 ዓ.ም. ሌጎስ ላይ በተካሄደው የመላ አፍሪካ ጨዋታዎች ማራቶንን አሸነፈ። አርባ ዓመት ሞልቶት ወርቅ። በዚያው ዓመት ክረምት ካለፈ በኋላ፣ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም.፣ አበበ በ41 ዓመቱ አረፈ።

የማሞ ታሪክ እዚህ ቢያልቅ ለመናገር ቀላል ይሆን ነበር። አያልቅም። መንግሥት ተለወጠ፣ ደርግ መጣ፣ ቀይ ሽብር መጣ። ደርግ ከወደቀ በኋላ ማሞ ተያዘ። በ1970 ዓ.ም. በአንድ ወጣት ልጅ ግድያ ተሳትፈሃል የሚል ነው ክሱ። እሱ በቦታው መገኘቱን ሳይክድ ልጁን አልገደልኩም ሲል ተከራከረ። ፍርድ ሳያገኝ ዓመታት ታሰረ፤ ባጠቃላይ ዘጠኝ ዓመት ገደማ።

ስፖርት ወዳድ ስለሆንን ብቻ ይህን ምዕራፍ ዘለን ማለፍ የለብንም። አንድ ልጅ ሞቷል፤ እናት ነበረችው። የደም ሐቅ በሜዳሊያ አይሰረዝም፣ ባለ ሜዳሊያውም ከፍርድ በላይ አይሆንም። በሌላ በኩል ደግሞ አንድን ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ከስልሳ ዓመቱ ጀምሮ ጥፋተኛ ነህ ወይም ንጹሕ ነህ ሳይሉት ዓመታት ማቆየትም ሐቅ አለበት። ሁለቱን ሐቆች አንዱን በአንዱ ሳንሰርዝ መያዝ ከባድ ነው፤ ከዓመት ቆጠራው ክርክር በጣም ይከብዳል።

እ.ኤ.አ. በ1996 አትላንታ ላይ የአርሲዋ ፋጡማ ሮባ የሴቶችን ማራቶን አሸንፋ አገር በደስታ ሲናወጥ ማሞ እስር ቤት ነበር። ያልረሱት ሰዎች ነበሩ። ሙኒክ ላይ ከእሱ በኋላ በሰላሳ አንድ ሰከንድ ልዩነት አራተኛ ሆኖ የገባው አሜሪካዊ ኬኒ ሙር ከሩጫ በኋላ ጸሐፊ ሆኖ ነበር። ያን ነሐስ ማሞ ባይኖር እሱ ነበር የሚወስደው። የማሞ ጉዳይ እንዳይረሳ በጽሑፉ ብዙ የደከመው ግን ይኸው ሰው ነው። ፍራንክ ሾርተርም ድምፁን አሰምቷል።

በ1994 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ ማሞን ጥፋተኛ ብሎ ስድስት ዓመት ፈረደበት። ከዚያ በላይ ታስሮ ስለነበር ተለቀቀ። ያን ጊዜ ጉበቱ በካንሰር ተይዞ ነበር። አሁን ያለምንም ክርክር ታሞ ነበር፤ አርጅቶም ነበር። ቤቱ ገብቶ የቆየው ወራት ብቻ ነው። ግንቦት 18 ቀን 1994 ዓ.ም. ሞተ። ሰባ ዓመት ሊሞላው 17 ቀን ቀርቶት ነበር። የተቀበረው አዲስ አበባ፣ ቅዱስ ዮሴፍ መካነ መቃብር፣ አበበ ካረፈበት ዘንድ ነው።